በሁዳዴ የወፈረ ቦክሰኛ

ጠዋት ጠዋት ደጄ ላይ ቆሜ ሳይ ሰው ሁሉ ለመክሳት ይሮጣል። ወጣቱ ይሮጣል፣ ጎልማሳው ይሮጣል፣ ጡረተኛው ሳይቀር ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ያዘግማል። እኔ ግን ለመወፈር የሮጥኩ ሰው ነኝ። ይህን ስነግራቸው የልጅ ልጆቼ አያምኑኝም። እናንተም አታምኑኝ ይሆናል፤ ግድ የለም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ጊዜ ነቀምቴ ላይ ነው። ያኔ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ የድንበር ክርክር የያዙ አቧራማ መዝገቦችን ከመደርደሪያ ማውረድና መልሶ መስቀል ነው። ለዚህ ሥራ ቁመት ይጠቅማል፤ ቁመት ደግሞ እግዜር አልነፈገኝም፣ በር ሁሉ ጎንበስ ብዬ ነበር የምገባው። በዚያ ላይ ከአጎቴ የወረስኩት ካፖርት አለኝ። የነቀምቴ ዝናብ ቀጠሮ ስለማያውቅ ክረምት ከበጋ አላወልቀውም። ካፖርቱ ትከሻው ሰፊ ስለነበር ሰው ሁሉ ትከሻው የእኔ ይመስለው ነበር። እኔም አላረምኩም። በነጻ የተሰጠውን ትከሻ የሚመልስ ወንድ የት አለ?

በዚህ ካፖርት ከተታለሉት አንዱ አሥር አለቃ ጉደታ ነው። ጉደታ የገበሬ ልጅ ነው። ወታደር ሆኖ ቦክስ ተማረ፣ ከዚያ ጉልበቱ ተጎድቶ እያነከሰ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከእኔ ቢበልጥ አምስት ዓመት ነው። ሀብቱ አንዲት ፊሽካ ነበረች፤ ምኞቱ ደግሞ ነቀምቴ ላይ የቦክስ ቤት መክፈት። ከገበያው በላይ ባዶውን የቆመ አሮጌ የመንግሥት መጋዘን ነበር። ጉደታ ደጅ ጠና፣ ደጅ ጠና፣ በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሹም ሰለቻቸውና፦

«ከቀላል ሚዛን እስከ ከባድ ሚዛን የተሟላ ቡድን አቁመህ ከግምቢ ልጆች ጋር ስታጋጥም በዓይኔ ካየሁ መጋዘኑ ያንተ ነው። አለዚያ እህል ይከተትበታል» አሉት። ቀኑም ለዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ፣ ለገበያው ቅዳሜ ተቆረጠ።

ቀላሉ ሚዛን አላስቸገረም፤ ነቀምቴ ውስጥ ንፋስ የሚያወዛውዘው ወጣት ሞልቷል። ከባድ ሚዛን ግን ከሰማንያ አንድ ኪሎ በላይ ነው። ያን ያህል የሚመዝኑት አንድ ሁለት ዳኞችና ጥቂት ነጋዴዎች ነበሩ፤ እነሱን ደግሞ ማን ደፍሮ ይመታል? እንዲህ ሲጨነቅ ሰንብቶ አንድ ቀን መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ መጥቶ እኔን ከነካፖርቴ አየኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስንት ኪሎ ነህ?»

«ተመዝኜ አላውቅም።»

«ቦክስስ ታውቃለህ?»

«ተመትቼ አውቃለሁ።»

«ይበቃል» አለኝ።

ለምን እሺ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። እውነቱን ለመናገር የሳበኝ ቦክሱ አይደለም። ጉደታ በየማታው ያንን የእሱ ያልሆነ መጋዘን ደጅ ሲጠርግ አየው ነበር። ግድግዳውን በእርምጃ ለክቶ ገመዱ የሚወጠርበትን፣ ጆንያው የሚሰቀልበትን ቦታ በኖራ ምልክት አድርጎበታል። ያንን ያየ ሰው እምቢ ለማለት አፉ አይታዘዝለትም።

በመጀመሪያ መመዘን ነበረብኝ። ሰው የሚመዝን ሚዛን ያለው በሚሲዮን ሐኪም ቤት ብቻ ነው። ስንሄድ ድሬሰሩ፣ የሐኪም ረዳቱ፣ ምኔን እንደሚያመኝ ጠየቀኝ፣ ምንም አልኩት፣ ጤነኛ የሚመዝንበት ጊዜ እንደሌለው ነግሮ አባረረን። ስለዚህ ወደ ቡና ነጋዴው ወደ ጋሽ ደምሴ መጋዘን ሄድን። ጋሽ ደምሴ ለቡድኑ የቦክስ ጓንት የገዙ ቸር ሰው ናቸው። ካፖርቴን አውልቄ ገበሬው የቡና ጆንያ በሚያስቀምጥበት በትልቁ የብረት ሚዛን ላይ ቆምኩ።

«ሰባ ሁለት!» ብሎ ጮኸ ሚዛን ያዡ።

ጉደታ መሬት ላይ የተጣለውን ካፖርትና ሚዛን ላይ የቆምኩትን እኔን ተራ በተራ አየ። «ለካ ካፖርቱን ነው የመረጥኩት» አለ። ጋሽ ደምሴም ጀርባዬን ቸብ ቸብ አድርገው «አይዞህ፣ ትበላለህ» አሉኝ።

እበላለሁ! ግን ምን? ያ ሳምንት ሁዳዴ የገባበት ሳምንት ነበር። ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ወላጆቼ ከጎጃም መጥተው አርጆ የሰፈሩ ናቸው፤ ከእነሱ ቤት ወጥቶ ጾም መግደፍ ከሰው መቆጠር መቅረት ነው። ጉደታ የሚሲዮን ልጅ፣ ፕሮቴስታንት ስለሆነ ጾሙ አይገባውም፤ ብቻ መላ አመጣ።

«ስብ አይመዝንም። የሚመዝነው አጥንት ነው። አጥንት ደግሞ የሚወፍረው በአንጮቴ ነው።»

አንጮቴን ለማታውቁ፣ ወለጋ ውስጥ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ፣ ተቀቅሎ የሚበላ ሥር ነው። አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ ፍቱን ነው ይባላል። በቅቤ ሲሠራ እጅ ያስቆረጥማል። ያለ ቅቤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ቤት ያከራዩኝ አዴ ዲንቄ በቀን ሦስቴ ይቀቅሉልኝ ጀመር። ከዚያ በሶ፣ ኦቾሎኒ፣ ማር፣ ድንች፣ እንደገና አንጮቴ። ማለዳ ግን ጉደታ ፊሽካውን እየነፋ ይመጣና ጆንያ አሸክሞ ከከተማው ወደ ወንዙ ቁልቁል፣ ከወንዙ ወደ ከተማው ሽቅብ ያስሮጠኛል። በአፌ ያስገባሁት በእግሬ ይወጣል። ቅዳሜ ስመዘን ሰባ ሁለት ተኩል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባ ሦስት። ጋሽ ደምሴ ሁልጊዜ ቆመው ያያሉ፤ ሁልጊዜም «ትንሽ ቀርቶሃል» ይሉኛል።

ይህ እንዳለ ሌላ ጣጣ መጣ። ወንደላጤ ጸሐፊ በየገበያው አንጮቴ በቁና ሲገዛ የነቀምቴ ሴት ዝም ብላ አታይም። እጅና እግሬን አገላብጠው አዩ፤ ስብራት የለም። እንግዲያው አራስ አለች ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት የማላውቃቸው ሰዎች መንገድ ላይ እንኳን ደስ ያለህ ይሉኝ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ወሬው አርጆ ድረስ ዘልቆ እናቴ በጭነት መኪና ከች አለች። የገብስ ዱቄት፣ ማርና የሕፃን መጠቅለያ ይዛለች።

«የታለች?»

«ማን?»

«የወለደችው ነዋ! ከእናትህ ትደብቅ?»

«ማንም አልወለደ። አንጮቴውን የምበላው እኔ ነኝ።»

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። «ወይኔ ልጄን! አጥንትህ ተሰብሮ ነው?»

ጉደታ በሩ ላይ ቆሞ ነበርና «ገና ነው እማማ፤ የሚሰበረው ለዳግማይ ትንሣኤ ነው» አላት።

እናቴ ሁለት ቀን አኮረፈች። ከዚያ የመጣ ስንቅ አይመለስም ብላ ገንፎውን በኑግ ዘይት አገነፋችና አጎረሰችኝ። እንደ አራስ ተከናንቤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጎረስኩ። ሰባ አራት ኪሎ።

ሰው እንደ ጨው ነው፤ ይሟሟል። በአምስተኛው ሳምንት እኔም ሟሟሁ። አዴ ዲንቄ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ለእንግዶቻቸው ጩምቦ ሠርተው ነበር። ጩምቦ ማለት ወፍራም ቂጣ ነው፤ ቅቤውና እርጎው ከላዩ ይንቆረቆራል። ምድጃው አጠገብ ብቻዬን ቁጭ ብያለሁ። ሰባ አምስት ኪሎ ነኝ፤ ለግጥሚያው አራት ሳምንት ቀርቷል፤ የጉደታ ኖራ ምልክት ዓይኔ ላይ ነው። ጣቴን ሰደድ አድርጌ ቅቤውን ነክቼ ላስኩ። አዴ ዲንቄ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

«ኛዱ ያ ኢልማ ኮ፣ ብላ ልጄ፤ እኔ ለማን እናገራለሁ?» አሉኝ በርኅራኄ።

ርኅራኄያቸው ነው የገደለኝ። በነጋታው ንስሐ አባቴ አባ ገብሬ ዘንድ ሄጄ ተንበረከክሁ።

«በስንት ጣት?» አሉኝ።

«በአንድ።»

«ጾሙ እስኪፈታ በየቀኑ አርባ ስግደት!»

በማግስቱ ማለዳ ልምምድ በምንሠራበት ሜዳ ዳር ስወድቅ ስነሣ ጉደታ ደረሰ። ቆሞ እስከ አርባ ቆጠረ። ዓይኑ በራ።

«ይህን ያስተማረህ ማነው? ለጭንና ለወገብ እንዲህ ያለ አላየሁም!»

«ንስሐ አባቴ ናቸው።»

«ቦክሰኛ ነበሩ እንዴ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡድኑን በሙሉ በፊሽካ አርባ አርባ ያሰግደው ጀመር፤ ግማሾቹ የሚሲዮን ልጆች መሆናቸውን ማን አስታውሶ። አባ ገብሬ አንድ ጠዋት በዚያ ሲያልፉ ይህን አይተው ቆሙ። መስቀላቸውን አውጥተው ሜዳውን በአራቱም ማዕዘን ባረኩ፣ እያለቀሱም ሄዱ። የነገሩን እውነት ሊነግራቸው የደፈረ የለም።

ስግደቱ ግን የምግብ ፍላጎቴን ከፈተው። ከዚያ በኋላ መብላት አይደለም፣ መክተት ሆነ። የመዝገብ ቤቱን መሰላል ሁለት እርከን ሰበርኩ። የካፖርቱ ቁልፍ አልደርስ አለ። ሳል ሲመጣብኝ አልጋው አብሮኝ ይስላል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሚዛኑ ሰባ ስምንት ይላል፤ ሰባ ስምንት ኪሎ እንዲህ ካደረገኝ ዘጠና የሆኑት እንዴት አድርገው ጫማቸውን ያስራሉ እያልኩ እገረም ነበር።

ፋሲካ ደረሰ፣ ጾሙ ተፈታ፣ እኔም ተፈታሁ። የዚያን ሳምንት አበላል መናገር ነውር ስለሆነ ልዝለለው። በውድድሩ ዋዜማ ዓርብ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ሰማንያ ሁለት! የመጋዘኑ ኩሊዎች በደስታ ሊሸከሙኝ ተረባረቡ። የሰማንያ ኪሎ ጆንያ ለብቻቸው የሚያነሡ ሰዎች ተራ በተራ ሞክረው አቃታቸውና አስቀመጡኝ። አንዱ ወገቡን ይዞ «ይሄ ሰማንያ ሁለት ኪሎ አይደለም» ብሎ አጉረመረመ። ጋሽ ደምሴ ተቆጡት፤ እኛም ለደስታ ቸኩለን ነገሬ አላልነውም።

ቅዳሜ ሜዳው በገበያተኛ ተሞላ። ሹሙ ጥላ ተይዞላቸው ተቀምጠዋል፣ ጋሽ ደምሴ በቀኛቸው። ድሬሰሩ ለዚህ ቀን የሐኪም ቤቱን ሚዛን በጋሪ አስጭኖ መጥቷል። የግምቢው ተጋጣሚዬ፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ ወጣ፤ ሰማንያ ሦስት። እኔ ወጣሁ። ድሬሰሩ ብረቱን ገፋ፣ ገፋ፣ አሁንም ገፋ።

«ዘጠና አራት።»

«ሚዛንህ ተበላሽቷል» አለው ጉደታ።

«የሐኪም ሚዛን ነው!» አለ ድሬሰሩ ተቆጥቶ። የግምቢውን ሰው እንደገና አወጣው፤ ሰማንያ ሦስት። እኔን እንደገና፤ ዘጠና አራት።

ከፊት ረድፍ ከኑኑ ቁምባ የመጡ አንድ ሽማግሌ ቡና ገበሬ፣ ኦቦ ዋቅጅራ፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል።

«ያ ኢልማ ኮ፣ በፊት የት ነበር የምትመዘነው?»

«ጋሽ ደምሴ ዘንድ፣ በቡናው ሚዛን።»

«ስንት ነበርክ?»

«ሰማንያ ሁለት» አልኩ ኮራ ብዬ።

«መቼ?»

«ትናንት።»

«አሥራ ሁለቱን ኪሎ ከየት አመጣኸው?»

«ቁርስ በልቻለሁ» አልኩ። እንዲህ ነው የኔ አእምሮ።

ኦቦ ዋቅጅራ አልሳቁም። «ዱጋ፣ እውነት ነው፤ የኔም ቡና ከቤት ከብዶ ይወጣና እዚያ ሲደርስ ይቀልላል። እኔ መንገድ ላይ የሚደርቅ መስሎኝ በሙዝ ቅጠል ስሸፍነው ኖርኩ» አሉ። ይህን በኦሮምኛ ደገሙት። ገበሬው ሁሉ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረ።

ጋሽ ደምሴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ፈገግ እንዳሉ መጡ፣ ጉደታንና እኔን በሁለት ክንዳቸው አቅፈው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሐኪም ቤቱ ሚዛን ነው የተበላሸው በል። አሮጌ መጋዘን ምን ያደርግልሃል? የራሴን አዲሱን፣ ቆርቆሮ ክዳኑን፣ ዛሬውኑ እሰጥሃለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ!» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ጉደታ ቀና ብሎ ከገበያው በላይ ወዳለው መጋዘን ተመለከተ። ከዚያ ፊሽካውን ነፋ።

«የጋሽ ደምሴን ሚዛን እዚህ አምጡት!»

ኩሊዎች እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው ሲሮጡ አላየሁም። ሁለቱ ሚዛኖች ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ ከዚያኛው ወደዚህኛው እንደ ጆንያ ስመላለስ ገበሬው በአንድ ድምፅ ይቆጥራል፤ በዚህ ዘጠና አራት፣ በዚያ ሰማንያ ሁለት። አንድ ተማሪ አሰላውና ከእያንዳንዱ ፈረሱላ ሁለት ኪሎ ገደማ እንደሚጠፋ ተናገረ። እኔም በልቤ የራሴን አሰላሁ። ያ በመጀመሪያው ቀን ሰባ ሁለት የተባልኩት ሰማንያ ሁለት ነበርኩ ለካ! ያ ሁሉ አንጮቴ፣ ያ ሁሉ ገንፎ፣ ያቺ አንዲት ጣት ቅቤ! ሕዝቡ ሲያጉረመርም ሹሙ ሳይወዱ በግድ የቡናው ሚዛን እንዲታሸግ አዘዙ። ሲያዙ ግን ዓይናቸው ያረፈው ጉደታ ላይ ነበር።

ግጥሚያውን የምትጠይቁኝ ከሆነ ቶሎ ያልቃል። ገበሬው ሁሉ ሚዛኑን አጅቦ ሊያሳሽግ ስለሄደ ያዩት ጥቂት ናቸው። የግምቢው ሰው ዙሪያዬን ይዘላል፣ እኔ ትንፋሼን እፈልጋለሁ። በመጨረሻ አንድ ቡጢ ሰነዘርኩ፤ ሳተ። ቡጢው ሲሄድ ዘጠና አራት ኪሎው ተከተለው፣ በገመዱ ላይ ተገልብጬ ወደ ውጭ ወደቅኩ። ሰውዬው አንድ ጊዜም አልመታኝም። እናቴ «አጥንቱ! አጥንቱ!» እያለች ደረሰች። ድሬሰሩ ዳሰሰኝ፣ አንድም ስብራት አላገኘም፤ አንጮቴው ሥራውን ሠርቶ ነበር።

ሰኞ ዕለት መጋዘኑ ውስጥ እህል ገባ። ሹሙና ጋሽ ደምሴ ወዳጆች መሆናቸው ለማንም ስውር አልነበረም፤ «እህል ይቀድማል» ተባለ፣ በቃ። ጉደታን ሳገኘው የመጋዘኑን አዲስ ቁልፍ ቆሞ ያያል።

«እኔ ብሆን ቆርቆሮውን እቀበል ነበር» አልኩት። አልዋሽም፣ ከልቤ ነው የነገርኩት።

«አውቃለሁ። አመስግነህ ጨርሰህ ነበርኮ።»

«አንተ ለምን እምቢ አልክ?»

«አባቴ ቡና ሲሸጥ ኖሮ ነው የሞተው» አለኝና እያነከሰ ሄደ። እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ከዚያ በኋላ ልምምዱ ሜዳ ላይ ሆነ። ሚያዝያ እንደምንም አለፈ። ግንቦት ሲገባ ዝናቡ ጠዋትም ማታም ይወርዳል፤ ጭቃው እግር ይይዛል፣ ጓንቱ ውሃ ጠጥቶ አይነሣም። ከአሥራ አንድ ሰው አራት ቀረን። ጉደታ ፊሽካውን መንፋት አልተወም፤ ድምፁ ግን እየቀጠነ ሄደ። እኔም ስንቱን ኪሎ እዚያ ጭቃ ውስጥ ጥዬው ቀረሁ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ሜዳው ስደርስ ዳሩ በሰው ተሞልቷል። ከኑኑ ቁምባ በኩል፣ ከየአካባቢው የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ምሰሶ የተሸከመ፣ የሣር ክዳን በአህያ የጫነ፣ ልጥ የያዘ። ከመሬቱ ባለቤት፣ ከአንድ ዘመዳቸው ቦታ ለምነው ደቦ ወጥተዋል። ኦቦ ዋቅጅራ መሐል ቆመው ያዝዛሉ።

«ማን ልኳችሁ ነው?» አልኳቸው።

«ማን ይልከናል? ዘንድሮ ቡናችን ከበደ» አሉና ምሰሶ አሸከሙኝ።

እስከ ቀትር ግድግዳው ቆሞ፣ ጣሪያው ተዋቅሮ፣ ሣሩ ግማሽ ደርሷል። ጉደታ ያን ቀን አርፍዶ መጣ። ፊሽካው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ከሩቅ ቆመ፤ የማን ቤት እንደሆነ ጠየቀ። ኦቦ ዋቅጅራ በዱላቸው ወደ እሱ አመለከቱ። ጉደታ ወደ ውስጥ ገባ፣ ወደ ጣሪያው ቀና አለ፣ እጁን ዘርግቶ ወራጁን ነካው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና መጮህ ጀመረ።

«ይሄ ምንድን ነው? ጆንያው የት ሊሰቀል ነው? ከባድ ሚዛን ሰው በዚህ በር እንዴት ያልፋል? እንዲህ ነው ቤት የሚሠራው? አጥሯል! አፍርሱት!»

ፊቱን ሳያዞር በእጅጌው ዓይኑን ይጠርጋል። እኔ ደንግጬ ሽማግሌውን አየሁ። ኦቦ ዋቅጅራ ጉደታን ከኋላው ትንሽ ተመለከቱትና ለሰዎቻቸው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገበሬዎቹም እየሳቁ ሣሩን አወረዱ፤ ጣሪያውን ፈትተው አንድ ክንድ ከፍ አድርገው እንደገና ሠሩት።